የወንድሜ ፊልሞች፣ የእናቴ መርዶ

ወንድሜ በሠራቸው ፊልሞች ላይ ፍርድ ለመስጠት ከእኔ የተሻለ ሰው የለም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ፊልም ወዳድ ሆኜ አይደለም። ያየኋቸውን ሁሉ ያየሁት እሱን ፍለጋ ነው፤ አብዛኞቹም እንኳን ሁለቴ አንዴም ሊታዩ የማይገባቸው ነበሩ። የአዲስ አበባ ጋዜጠኞች «የሰጡትን ሁሉ መሆን የሚችል» እያሉ ያሞግሱት ነበር። አልተሳሳቱም። ያንን ሁሉ ሰው ከየት እንደሚያመጣው ግን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ ከሞጣ ነው የሚያመጣው።

ተወልደን ያደግነው ሞጣ ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ጎረምሳ። ሥራው ሰው ማየት ነበር። የሚያስፈጨው እህል ሳይኖረው ወፍጮ ቤት ገብቶ ይውላል። ራት ላይ ታዲያ ወፍጮ ቤቱን ከነባለቤቱ ያመጣልናል፤ ዱቄት የገባበት ዓይኑን እንዴት እንደሚያርገበግብ፣ ሞተሩ ሲያደነቁረው ስለሚውል ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እንኳ እንዴት እየጮኸ እንደሚያወራ። አባታችን አይስቅም። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ «የራሱ መልክ የሌለው የሰው መልክ ይዋሳል» ይላል። እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። «ተወው ይጫወት፤ የሚያስቀኝ ሌላ ማን አለኝ?» ትላለች።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔም ጊዜዬ ደርሶ መምህርት ሆንኩና ቢቸና ተመደብኩ። እናቴ ሞጣ ብቻዋን ቀረች። ከእኔ ጋር እንድትኖር ብለምናት «የአባታችሁን ቤት ለማን ጥዬ?» አለችኝ። ከቢቸና ሞጣ ያን ጊዜ መንገዱ አቧራ ነው፤ ደብረ ወርቅን አልፎ ጉንደ ወይን ላይ አውቶቡሱ ጎማ ካልቀየረ ተመስገን ይባላል። ስለዚህ የምሄደው በበዓልና ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ነበር። ወንድሜ ግን በበዓልም አይመጣም። «ቀረጻ ላይ ነኝ» ነው መልሱ።

ፊልም ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተጋረደ፣ አግዳሚው ቀሚስ የሚቀድ ምስማር ያለበት ቤት ነበር። መምህርት እዚያ መግባቷ ነውር ነው፤ ገባሁ። ተማሪዎቼም እንዳላየ ሆኑልኝ። ወንድሜ ዘበኛ ነበር። በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፣ ጌትዬው ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ አለቀ። ግን በሩን ሲዘጋ ዓይኑን አርገበገበ፤ አጠገቡ በቆመችው ሠራተኛ ላይም ወንዝ ማዶ ያለች ይመስል ጮኸባት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አለቀስኩ። የሞጣው ባለወፍጮ የአዲስ አበባ ዘበኛ ሆኖ ቆሟል።

ቆይቶ ሲዲ የሚያከራይ ሱቅ ተከፈተ፤ ባለሱቁም እሱ ያለበት ፊልም ሲመጣ ለሌላ ሳያከራይ ያስቀምጥልኛል። ለእናቴ ወንድሜ ራሱ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ላከላት። እናቴ ፊልምን እንደ ፊልም አይታ አታውቅም። ታሪኩን ብትጠይቋት አንዱንም አትነግራችሁም። «ከስቷል»፣ «ጸጉሩን ማን እንዲህ አበላሸው?»፣ «ይህቺ ምግብ ያቀረበችለት ልጅ ደግ ትመስላለች፣ የማን ናት?» ነው የምትለው። ልጇ በእግሩ አይመጣም፤ እሷም በመጣበት ትቀበለዋለች።

እኔ ግን እፈርዳለሁ። ካናደዱኝ ሁሉ የባሰው ክፉ ባለጠጋ የሆነበት ነው፤ ወንድሙን የሚያስገድል፣ ድሃ የሚያፈናቅል ሰውዬ። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል። የአባቴ ጉሮሮ! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድንበር ያልገፋውን የአባቴን ጉሮሮ ወስዶ ለነፍሰ ገዳይ ሰጠው። ደውዬ ወረድኩበት። «የማውቀው የሚያስፈራ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እናቴ በበኩሏ ያንን ሲዲ አልመልስም ብላ አስቀረችው። የሰውየውን ክፋት ልብም አላለችው። «አባታችሁ ከጓዳ ሆኖ የጠራኝ መሰለኝ» አለች።

የባላገር ሞኝ የሆነባቸውን አልወድም፤ ብዙ ናቸው። ጋቢውን አጣፍቶ ፎቅ ቤት በር ላይ የሚደናበር፣ ሊፍት ውስጥ ጫማውን አውልቆ የሚገባ። አነጋገሩ የእኛው የጎጃሞቹ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው የሚስቀውም በዚያ ነው። «መሳቂያ አደረግከን» አልኩት። «መሪ ተዋናይ ለመሆን መልክ ያስፈልጋል፣ እቴ። እኔ የተረፈውን ነው የምሠራው» አለኝ። ይኼ እውነት ነው። ፖስተሩ ላይ መልከ መልካሞቹ ተቃቅፈው ይቆማሉ፤ ወንድሜ ከታች ጥግ ላይ ቴምብር አክሎ ይለጠፋል። ፊልሙን ተሸክሞ የሚሄደው ግን እሱ ነበር። ቆንጆዎቹ ሲያለቅሱ ሰው ቆሎውን ይቆረጥማል፤ እሱ ደጅ ቆሞ ቆቡን በእጁ ሲያሻሽ ቆሎው ይቆማል።

ቄስም ሆኗል። መስቀሉን ከማሳለሙ በፊት በጋቢው ጫፍ የሚያብሰው የእኛ ነፍስ አባት ነው። ሰካራም ዳኛ ሆኗል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልገው የፊደል አስተማሪያችን ነው። አንድ ነገር ግን አጣሁ። በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ሞጣን ከነነዋሪው አገኘሁ፤ ወንድሜን አላገኘሁም። በስልክ እንኳ በራሱ ድምፅ አያናግረኝም። አንዴ እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር ይቆጣኛል፣ አንዴ እንደ ለማኝ ይማጸነኛል። «እባክህ ወንድሜ ሆነህ አናግረኝ» እለዋለሁ። «እሱ ዛሬ የለም፣ ሌላ ቀን ደውዪ» ይለኛል። ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ቤታችንን ያፈረሰው ነው። ቀን ሠራተኛ ሆኖ በሳል ታሞ ይሞታል። ሲሞት ቃል አይናገርም፤ እጁን ወደ ውሃው ጣሳ ይሰዳል፣ ጣሳው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ ሲቀበር ይታያል። ሌሎቹ ተዋንያን ሲሞቱ አይቻለሁ፤ ተናዝዘው፣ የተጣላ አስታርቀው፣ ምክር ለግሰው ነው የሚሞቱት። እሱ እንደ ሰው ሞተ። ፊልም መሆኑን የማውቀው እኔ እንኳ በማግስቱ ድምፁን ሳልሰማ ክፍል መግባት አቃተኝ።

ይኼ ፊልም ሞጣ ላይ የታየው በገበያ ቀን ነው። ከአባቴ አገር ከገጠር ገበያ የወጣ አንድ ዘመዳችን ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ያን ቀን ዝናብ አስገባው። ሲገባ ፊልሙ ወደ መጨረሻው ደርሷል። የእኛን ልጅ በሣጥን ሲያወጡት፣ ቄስ ሲፈታው፣ አፈር ሲመልሱበት አየ። ትልቅ ሰው ሲሞት ቀብሩ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ሰምቷል፤ የእኛም ልጅ አዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሆኗል ተብሏል። ምን ይጠራጠር? እያለቀሰ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

በእኛ አገር ሞት በአደባባይ አይጣራም። እናት ዘንድ ሄዶ «ልጅሽ ደኅና ነው ወይ?» ማለት ራሱ እንደ መግደል ነው። ወሬው ከዘመድ ወደ ዘመድ በሹክሹክታ ይሄዳል፤ ንፍሮው ጎረቤት ቤት ይቀቀላል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ገና ጎህ ሲቀድ ሁሉም ተሰብስቦ ይገባል። መርዶ እንዲያ ነው። አንዲት ጎረቤት በዘወርዋራ ብትጠየቅ «ኧረ እኔ የሰማሁት የለም፣ ትናንትናም ስትስቅ ነበር» አለች። «አዬ ጉድ፣ አልነገሯትማ!» ተባለ። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ወግ አክባሪ ሆኖ ነው ስሕተቱን ሳያጣራ ደጃፏ ድረስ ያመጣው።

ያረዷት የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ማዕድ ላይ እንኳ ዱላቸውን ከጭናቸው የማያወርዱ ሽማግሌ። ያን ማለዳ ግን ዱላቸውን ደጅ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ገቡ። እናቴ እንደነገረችኝ ልቧ የወደቀው ያኔ ነው፣ ገና ሳይናገሩ። «እህቴ፣ ቁጭ በይ» አሏት። «ይዘን የመጣነው የሚወደድ አይደለም። እግዜር የሰጠውን ሲወስድ አያስፈቅድም። ልጅሽ ቀድሞሻል።»

ለእኔ ትምህርት ቤቱ ድረስ የመጣልኝ መልእክት «እናትሽ ታማለችና ድረሺ» የሚል ነው። «ታማለች» ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን ሕፃን ያውቀዋል፤ እስከ ሞጣ ድረስ እናቴን እያለቀስኩ ሄድኩ። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑ ውስጥ እናቴ የወንድሜን ፎቶ ይዛ፣ ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም ለሰው ማስረዳት አልችልም፤ እናቴን አገኘሁና ወዲያው ወንድሜን አጣሁ። አልቅሼ አልቅሼ ሲደክመኝ «ያየው ሰው ማን ነው?» አልኩ። ዘመዳችንን አመጡልኝ።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አፈር ሲመልሱበት» አለኝ።

«የት?»

«እዚሁ ነዋ፤ ቪዲዮ ቤቱ።»

ከአፌ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ጩኸት አላውቅም። አሥሬ እየተሳሳትኩ ቁጥሩን ደወልኩ። አነሣ። ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። «እማዬ፣ ምነው ድምፅሽ?» ሲላት ስልኩን ለቃ መሬቱን ስትስም አየኋት። ለቀስተኛው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። «ሞትን በቀልድ ስም አይጠሩትም» ሲሉ ሰማኋቸው። እናቴ በሳምንቱ ጠበል ጠዲቅ አድርጋ ያለቀሱላትን ሁሉ አበላች፤ እሳቸው አልመጡም።

ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እናቴን «ለመሆኑ እንዴት ብለው ነገሩሽ?» አላት። ነገረችው፤ ከዱላው ጀምሮ ቃል በቃል። ደገመላት፤ «ዱላውን ደጅ አቆሙት? እህቴ ቁጭ በይ አሉሽ?» እያለ አስደገማት። ስልኩን ነጠቅኳት። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም? እናትህን ልትገድላት ነበር» አልኩት። ቀጥሎ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ «እህቴ፣ ቁጭ በይ።» ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዓመታት በኋላ ሲታመም አላወቅንም። ፊልም ላይ ከስቶ አይቼ «ለዚህኛው ብለህ ነው የከሳኸው?» አልኩት። «አዎ፣ ጎበዝ አይደለሁም?» አለኝ። ትወናውን ከሕመሙ ማን ይለየው? ጋዜጣው እንኳ «ራሱን ለሥራው ያከሳ» ብሎ አሞገሰው። አብሮት ይኖር የነበረ ጓደኛው ደውሎ ሲጠራኝ ሆስፒታል አገኘሁት። አወቀኝ፤ መናገር ግን አልቻለም። እጁን ወደ ውሃው ሰደደ፤ እኔ ብርጭቆውን ሳቀርብለት እጁ አልጋው ላይ ወደቀ። ያ የፊልም ሞቱ ልክ ነበር። ሌላው ፍርዴ ቢሳሳት በዚያ አልተሳሳትኩም።

ቀብሩ እዚያው አዲስ አበባ ሆነ። ተዋንያኑ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ፤ ካሜራም መጣ። ካሜራውን ሳይ አንዱ ተነሥቶ «አበቃ፣ ጥሩ ነው» የሚል እየመሰለኝ ጠበቅኩ። የሚል የለም። አፈሩን በእጄ መለስኩ።

ለእናቴ ነጋሪ መሆኑ ለእኔ ደረሰ። «ለቀባሪው አረዱት» ይላል ሰው ሲቀልድ፤ እኔ ቀባሪዋ ሆኜ የሚሰማኝ አጣሁ። ሞጣ ደርሼ ጎረቤት ቤት አደርኩ፤ እናቴ መምጣቴን አታውቅም። ሽማግሌው ይለመኑ ተባለ፤ ያን የውርደት ቀን ያልረሱ ሰው እምቢ ማለት አቃታቸው። አርጅተዋል። ጎህ ሲቀድ ዱላቸውን ደጅ አስደግፈው፣ ክንዳቸውን እኔ ይዤ ገባን። እናቴ እሳት እያያያዘች ነበር። ቀና ብላ ዱላውን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከኋላ የቆመውን ሰው አየች። ከዚያ ሳቀች።

«ዛሬ ደግሞ በየትኛው ፊልም ነው?» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት። በእጄ።»

«ያም ሰውዬ በዓይኔ አየሁ ብሎ ነበር፣ ልጄ።» እጇን አራገፈችና ጓዳ ገባች። «ግቡ፣ ግቡ፣ በብርድ አትቁሙ፤ ዳቦ አለ፣ ጠላም አለ። ቁርስ ሳትቀምሱማ አትሄዱም።»

ለቅሶ የመጣ ሰው ዳቦ ተቆርሶለት ተቀመጠ። አንዳንዱ ግራ ገብቶት ጎረሰ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ጮህኩ፤ እሷ ራሴን እየደባበሰች «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ሆዷ ባቄላ ነው፤ ስልኩን እኮ ሥራ ላይ ሲሆን ይዘጋዋል» አለች። የቀብሩን ፎቶ አሳየኋት። «ያኔም ፊልሙ ላይ ሣጥኑ እንዲህ ያለ ነበር» አለችኝ። ሽማግሌው እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ተነሡ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። የሰው አፍ ከእንግዲህ አታምንም» አሉና ዱላቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ።

አርባውን ያለእሷ ቢቸና አወጣሁለት። ተዝካር ስላት «በሕይወት ላለ ልጅ? አፍሽን በመስቀል አማትቢ» አለችኝ። የሚገርመው ማስረጃም ነበራት። ሳይሞት የተወነባቸው ፊልሞች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። እኔ ቢቸና ላይ ባለሱቁን «አታሳየኝ» ብዬ ለመንኩት፤ ሞጣ ያሉት ጎረቤቶች ግን ለእናቴ ደስ ይበላት እያሉ ይወስዱላት ነበር። ደውላ «አዲስ መጣ እኮ! የጋራዥ ሠራተኛ ሆኗል፤ ትንሽ ከስቷል እንጂ ደኅና ነው» ትለኛለች። ስልኩን ዘግቼ እጄን እነክሳለሁ። በእግዜርም ላይ፣ በካሜራም ላይ፣ በዚያ ዝናብ ላይም ቂም ያዝኩ። ግን ልዋሽ አልችልም። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሷ እንዲህ ስትል ሰምቼ፣ ለአፍታ እኔም ቀረጻ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻውን ያየነው አብረን ነው። ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ሞጣ ነኝ። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ፊልሙን ከማየት ይልቅ ትሰማዋለች፤ በርጩማዋን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግታ ጆሮዋን ታዞራለች። ፊልሙ የማይረባ ነው። ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ዘፈን ይዘፈናል። ወንድሜ የሚገባው አንዴ ብቻ፣ ወደ ማብቂያው ነው። ልጇ በስደት በረሃ ላይ ለሞተባት ሴት መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል። ከበሩ ሲደርስ ዱላውን ደጅ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ተነሥቼ ላጠፋው አሰብኩ፤ አላጠፋሁትም። ገባ። ጋቢው ሰፍቶበታል።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ። ይዘን የመጣነው የሚወደድ አይደለም። እግዜር የሰጠውን ሲወስድ አያስፈቅድም።» ቆመ፤ ትንፋሽ አጠረው። «ልጅሽ ቀድሞሻል።»

ፍርዴን ልንገራችሁ፤ እንባ ውስጥ ሆኜም ፈርጃለሁ፣ ልማድ ነው። ደካማ ሥራ ነው አልኩ። ሽማግሌውን አላመጣቸውም። ያን የሚጎተት ወፍራም አነጋገራቸውን፣ በየቃሉ መሃል አገጫቸውን የሚያነሡትን ሁሉ ትቶታል። ቃላቸውን ይዞ ድምፃቸውን ረስቷል። ሰው ማስመሰል ያላቃተው ወንድሜ በመጨረሻው ላይ ማስመሰል አቃተው ብዬ አዘንኩበት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። እናቴ ሳትዞር «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ወደ ኋላ መለስኩላት። ሰማች። «አንዴ ጨምሪልኝ።» ጨመርኩላት። እጇን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈች፤ ግንባሩ ይሁን መስታወቱ ለእሷ ልዩነት አልነበረውም።

«የማንንም ድምፅ አልወሰደም» አለች። «ይኼ የራሱ ነው። ማታ ማታ ደክሞት ሲገባ፣ ማንንም ሳይሆን፣ እንዲህ ነበር የሚናገረው። ረሳሽው እንዴ?»

ረስቼዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በየፊልሙ ስፈልገው የነበረውን ድምፅ ከፊቴ ቆሞ አላወቅኩትም፤ ደካማ ሥራ ብዬ ፈርጄበታለሁ።

«ሰው ሲነግረኝ አላመንኩም፤ ሰው ይሳሳታል» አለች። «አሁን ግን እሱ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ከእንግዲህ ማንን እጠይቃለሁ?» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን በዳበሳ ፈለገችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። «ሂጂ፣ ጎረቤት ጥሪልኝ። ሽማግሌውንም አስጠሪያቸው፤ ዱላቸው ጓዳ ነው ያለው በያቸው።»

በዝናብ ወጥቼ በየደጁ ዞርኩ። ሰው መጣ፤ ድንኳኑም ተተከለ። እናቴ ከዓመት በላይ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፤ እኔ አጠገቧ ደርቄ ተቀመጥኩ፣ የእኔ እንባ ቀድሞ አልቋል። ለዚያ ቀን ስጸልይ ነበር፤ እውነቱን ተቀብላ እንድታርፍ። አላረፈችም፤ እኔም አላረፍኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን «ቀረጻ ላይ ነው» ብሎ እሱን የሚጠብቅ ሰው የለም።